ጎጆ ሳይወጣ የጎለመሰ ትውልድ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ዕድሜውን እስከ 35 ያደርሰዋል። በየትኛውም ብንለካ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተወለድነው ወጣትነትን ጨርሰናል፤ ያልጨረሰውም ጫፉ ላይ ነው። ሽበት ጣል ጣል ያደረገብን ብዙ ነን። እንዲያም ሆኖ ከመካከላችን ስንቱ ወንድ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት አሁንም «ልጁ» ነው። ለሽምግልና ሰው ሲመረጥ አይታሰብም። እናቱ ስለ እሱ ስትጠየቅ «ገና ነው፤ እግዜር ያውቃል» ብላ ወሬውን ታሳጥራለች።

ይህ መዘግየት ከየት እንደመጣ መነገር አለበት፤ ባልተነገረ ቁጥር ሌላ ስም ይወጣለታልና። ሰነፍ ይሉናል። ኃላፊነት የሚፈራ ይሉናል። «እኛ በእናንተ ዕድሜ» ተብሎ የሚጀመር ምክር ሁሉ የት እንደሚያበቃ በቃላችን እናውቀዋለን። እኔ በ1978 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልጄ ከአብሮ አደጎቼ ጋር ይህን መንገድ የሄድኩ ሰው ነኝ። ያየሁትን ስለ እነሱ ሆኜ እናገራለሁ።

አባቶቻችን ወደ ሙሉ ሰውነት የገቡበት በር የታወቀ ነበር። ሥራ ይያዛል፣ ቤት ይገኛል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ጎጆ ይወጣል፤ ከዚያ በእድር መዝገብ ላይ በራስ ስም መጻፍ ይከተላል። ለከተማው ሰው ይህን በር የከፈተው የግል ጥረቱ ብቻ አልነበረም። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከኮሌጅ የተመረቀ ሰው ማስታወቂያ ፍለጋ አይዞርም፤ መንግሥት ይመድበዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የቀበሌ ቤት ኪራይ ከወር ደመወዝ ላይ ተቀንሶ ብዙም የማይታወቅ ገንዘብ ነበር። አባቴ በሃያዎቹ አጋማሽ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይና ባለትዳር ነበር። ሀብት አልነበረውም። ቤታችን ሁለት ክፍል፣ ቧንቧውና መጸዳጃው የግቢው ሁሉ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዕድሜው «ልጁ» ብሎ የሚጠራው አንድም ሰው አልነበረም፤ ጎረቤት ሲጣላ አስታራቂ ሆኖ የሚጠራው እሱ ነበር።

ዘመናቸው የተድላ ነበር የሚለኝ ካለ አልስማማም። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገና በልጅነታቸው ገጠር የወረዱት፣ በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር የጓደኞቻቸውን ሬሳ በየመንገዱ ያዩት፣ ከ1975 በኋላ ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና ያሳደዳቸው እነሱና ታናናሾቻቸው ናቸው። የተረፉት ያዩትን በሆዳቸው ይዘው አሳደጉን። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የየቤታችን ሕግ ነበር። ከዚያ ፍርሃት ጋር ግን አንድ የጸና እምነት አወረሱን፦ ተማር፣ ሰው ትሆናለህ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን አመንናቸው። ቴሌቪዥን የሌለው ልጅም ጎረቤት ደጃፍ ተቀምጦ ሰምቶ አመነ።

ተማርንም። በፈረቃ፣ በአንድ ዴስክ ላይ ሦስትና አራት ሆነን ተማርን። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አባቶቻችን የሚያውቁትን ማትሪክ አስቀርቶ ከ1993 ጀምሮ በ10ኛ ክፍል ፈተና መንገዱን ለሁለት ከፈለው፤ ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕላዝማ መጣ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር፤ ያመለጠህ አመለጠህ። ደርግ ሲወድቅ በዛሬዋ ኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ አዲስ አበባና ዓለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ወላጆች ልጆቻቸውን በሺህ ቁጥር ሲያስገቡ ያየነው በእኛ ዘመን ነው። ይህን በጎ ነገር የሚያቃልል ሰው እናቱ የምረቃ ፎቶውን በትልቁ አሳጥባ ግድግዳ ላይ ስትሰቅል አላየም።

ሆኖም ቁጥሩ ሲበዛ በሩ አብሮ አልሰፋም። ሰባ ሰላሳ የተባለው ምደባ ከመቶ ሰባውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲልክ ላቦራቶሪውና ወርክሾፑ በዚያው ፍጥነት አልተሠራም። ከ1996 ወዲህ የገባ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል፤ ዕዳውን እስኪከፍል በእጁ የሚይዘው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ነበር። አባቶቻችን ሲመረቁ ምደባ ይጠብቃቸው ነበር፤ እኛን የጠበቀን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን፣ የእሑዱን ሪፖርተር የክፍት የሥራ ቦታ ገጽ ተቀባብለን አነበብን። ከማስታወቂያዎቹ ውስጥ ዓይናችን የሚፈልገው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚለውን ነበር። እሱም ሲገኝ ከቢሮው በር ላይ ሰልፉ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይጠብቀናል።

መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲጠባ የብዙዎቻችን ዕድሜ ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ነበር። ከተማው በመብራት አሸብርቆ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አዲሱን ሺህ ዓመት ሲቀበል፣ የሚመጣው ዘመን የእኛ እንደሆነ ተሰምቶናል። መንገድ ይሠራል፣ ፎቅ ይቆማል፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ10 ብር በታች ነው። ተስፋው ውሸት አልነበረም፤ የእውነት የተሠራ ነገር ነበር። የዚያን ዘመን ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገድ ያነጠፈው ኮብልስቶን በእኛ እኩዮች እጅ የተጠረበ ነው። ዲግሪ ይዞ ድንጋይ የሚጠርበው ልጅ የሰፈር መሳለቂያ ሆኖ ነበር። እኔ ግን እነዚያን መንገዶች በረገጥኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ያ ልጅ ሥራ አልናቀም። የናቀው እሱን የተመለከተው ዓይን ነው።

ሥራ ከተገኘ በኋላ ያለው ቤት ነው፤ የትውልዴም ዋናው ቁስል እዚህ ላይ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታን በሊዝ ብቻ እንዲተላለፍ አጸናው፤ ጨረታው ደግሞ የደመወዝተኛ አቅም አልነበረም። የቀረን ኮንዶሚኒየም ነው። በ2005 ዓ.ም. በ20/80 እና በ40/60 የቤት መርሐ ግብሮች ለመመዝገብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ የአዲስ አበባ ነዋሪ ተሰለፈ። ብዙዎቻችን በሃያዎቹ ውስጥ ሆነን የቁጠባ ደብተር ከፍተን በየወሩ አስገባን። ዕጣ በወጣ ቁጥር ስማችንን ፈለግን። የደረሰው አለ፣ እግዜር ይስጠው። ያልደረሰው የሰው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ፣ መብራት በስንት ሰዓት እንደሚያጠፋና እንግዳ ስንት ጊዜ እንደሚመጣበት እየተቆጠረበት ኖረ። ደላላ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ ፍራሽና መጽሐፍ በአይሱዙ ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር። ከሰሚት ወደ ጀሞ፣ ከጀሞ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስንገፋ መሃል ከተማው ከኋላችን ራቀ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሆን ደነገገ። መልካም አዋጅ ነው። የእኛን ሃያዎቹንና ሠላሳዎቹን ግን ያለ እሱ ጨርሰናቸው ነበር።

ብሩም ከእኛ ጋር አልቆመም። በ2010 ምንዛሪው ተሻሻለ ሲባል ዶላር 27 ብር ገባ፤ በሐምሌ 2016 ዋጋው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር አለፈ። ለቤት ማስጨረሻ ብሎ የቆጠበ ሰው ገንዘቡ ሳይነካ እዚያው ባንክ ውስጥ ሲያንስ አየ። ለሠርግ ያስቀመጠ ሰው የአዳራሹን ዋጋ ጠይቆ ቀኑን አራዘመ። እንዲህ እንዲህ እያለ የሚራዘም ቀን ዕድሜ ይሆናል።

ነገሩ የከተማ ብቻ አይመስለኝም። ገበሬው ወንድማችን ጎጆ የሚወጣው በመሬት ነው። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነበር፤ ያን ጊዜ ልጆች የነበሩት እኩዮቻችን በራሳቸው ስም ድርሻ አልነበራቸውም። አድገው የጠበቃቸው የአባት ማሳ ነው፤ እሱም ለስድስትና ለሰባት ወንድማማች የሚሸነሸን። ስለዚህ አንዱ ወደ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ፣ አንዱ ለባጃጅ ተበደረ፣ አንዱ አዲስ አበባ መጥቶ በቀን ሥራ ተቀጠረ። ከሆሳዕና አካባቢ የተነሱት ወንድሞቻችን በሞያሌ አልፈው፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል ደቡብ አፍሪካ ገቡ፤ ያልገቡም አሉ።

የሄዱትን ሳናነሳ ስለዚህ ትውልድ ማውራት አይቻልም። በሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ በአሸባሪዎች እጅ የተገደሉትን ወገኖቻችንን አገር በሙሉ አልቅሶላቸዋል። ከመካከላቸው የቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። እዚያ ያደረሳቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከእናት ጎን መሬት ላይ እየተኛ ዕድሜው የገፋ ወንድ «ለእናቴ ቤት እሠራለሁ» ብሎ ሲነሳ ማንም አያቆመውም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጦርነት መጣ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በሰሜን፣ ከዚያም በሌሎች አካባቢዎች በየወገኑ የወደቁት በአብዛኛው የእኛና ከእኛ ያነሱ ልጆች ናቸው። ለእነሱ ጥያቄው የመዘግየት አልሆነም። ስለ አንድ ትውልድ ወንዶች ለምን አልጎለመሱም ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ የመቃብሩን ቦታ ይቁጠር።

አሁን ወደ ትዳር ልመለስ፤ እዚህ ላይ ለእኛ ለወንዶቹም የሚነገር አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አንስቶ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረጋቸው። ሕጉ ሲለወጥ እኛ ልጆች ወይም ጎረምሶች ነበርን። በአዲሱ ሕግ ስር አደግን፤ በልባችን ግን የድሮውን መለኪያ ተሸክመን ቀረን። ቤት ያላቆመ ወንድ፣ ከሚስቱ ያነሰ የሚያገኝ ወንድ፣ በሠርጉ ቀን ሰው ያላጠገበ ወንድ ጎዶሎ መስሎ ይታየናል። ሽማግሌ ቢልክ «ምን አለው?» እንዳይባል ፈርቶ ያልላከ ስንት አለ። የሚወዳት ልጅ በአንድ ክፍል ለመጀመር ፈቃደኛ ሆና ሳለ፣ «ቆይ፣ ትንሽ ልስተካከል» እያለ ዓመታት ያስጠበቃትና በመጨረሻ ያጣት አብሮ አደግ ሁላችንም አለን።

እኅቶቻችን አልጠበቁም። ቤይሩት፣ ጅዳና ዱባይ ሰው ቤት ሠርተው የቤተሰባችንን ጣሪያ የቀየሩት እነሱ ናቸው። የብዙ ወንድ የዩኒቨርሲቲ ወጪ ከእኅት እጅ የተላከ ነው። በህዳር 2006 ሳዑዲ ዓረቢያ በጅምላ ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመልሷል፤ ቦሌ ኤርፖርት በዚያ ሰሞን የወረዱት ሴቶች የየቤቱ ዋልታ ነበሩ። ቤት ያቆመ ሰው አባወራ ከሆነ፣ የእኛ ዘመን አባወራዎች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ይህን ማመን ከወንድነታችን ምንም አይቀንስም። አለማመናችን ግን በብዙ ቤት ውስጥ ኩርፊያና ዱላ ሆኖ ወጥቷል፤ ይህን ልናስተባብል አይገባም።

ጎጆ ያልወጣ ሰው ሐፍረት ቀስ በቀስ ነው የሚያሸሸው። መጀመሪያ የጓደኛ ሠርግ ላይ መቅረት ይጀምራል። ከዚያ በዓልን በሥራ ያመካኛል። ከዚያ ስልክ አያነሳም። ከሰው የሸሸው ወንድማችን ጫት ቤት ወይም የስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ማንም ስለ ትዳሩ አይጠይቀውምና። ወንድ ልጅ ሆዱን አይናገርም ተብለን አድገናል። ከእኛ ዘመን ሰዎች ስንቱ ከአቅም በላይ የሆነበትን ነገር ለአንድ ሰው እንኳ ሳይተነፍስ እንደተሰበረ የምናውቀው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። እነዚህ «ልጆች» የሚባሉት ሰዎች ሲሠሩ የማየው የጎልማሳ ሥራ ነው። በራይድ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት አባቱን ለኩላሊት እጥበት የሚያደርስ ሰው አውቃለሁ። ታናናሾቹን አስተምሮ አስመርቆ፣ ለራሱ ሚስት ያላገባ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ሥራ እየሠራ የሦስት ቤተሰብ ቀለብ የሚልክ፣ ስለ ራሱ ሲጠየቅ «ገና ነኝ» የሚል አለ። ወላጆቹ ሲያረጁ የቀበሌው ቤት ውስጥ የቀረው ልጅ በብዙ ሰፈር ጡረታቸውን የሚያወጣላቸው፣ መድኃኒታቸውን የሚገዛላቸው፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያገላብጣቸው ነው። ዘመድ ግን «እናቱ ጉያ የቀረ» ይለዋል። ኃላፊነት ማለት የሌላውን ሸክም መሸከም ከሆነ፣ ትውልዴ ገና በሃያዎቹ ተሸክሟል። የጎደለው እውቅናው ነው። የጎልማሳነትን ሥራ ሰጥታችሁን ወንበሩን ነሳችሁን።

ስለዚህ ለታላላቆቻችን የምለው አለኝ። አክብረናችኋል፤ ያሳለፋችሁትንም አንረሳም። እናንተ የገባችሁበት በር ግን በምደባ፣ በቀበሌ ቤትና በርካሽ ኪራይ የተገነባ ነበር፤ እነዚህ ሦስቱ ለእኛ አልደረሱንም። በእናንተ ዕድሜ የት እንደደረሳችሁ ስትነግሩን ይህንንም አብራችሁ ንገሩን። ለሽምግልና ሰው ስትመርጡ ምን እንዳለው ትታችሁ ማንን እንደተሸከመ ጠይቁ። እድሮቻችሁን ለተከራይም ክፈቱ። ተከራይ ሰፈር በቀየረ ቁጥር አባልነቱ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲያዝን የሚያጽናናው ሰው የለውም ማለት ነው። አሁን ነባር ሰፈሮች ሲነሱና ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲበተን ብዙ እድር አብሮ ተበትኗል፤ አዲስ የሚመሠረተው እድር በቤት ባለቤትነት ሳይሆን በጎረቤትነት ይመሥረት።

ለእኩዮቼም የምለው አለኝ፤ ይበልጥ የምናገረውም ለእነሱ ነው። እስክንስተካከል አንጠብቅ። በአንድ ክፍል አብራህ ለመኖር የፈቀደችውን ሴት አክብረህ በቤተሰብ ፊት ውሰዳት፤ ለሠርግ ብለህ የጣልከውን እቁብ ለኪራይና ለልጅ አድርገው። ምን እንደምታገኝ ለሚስትህ በግልጽ ንገራት፤ እሷ የበለጠ ብታገኝ ደስ ይበልህ፣ ሕፃኑን እጠብ፣ ሽሮውን ሥራ። ልጅህ አባቱን የሚያስታውሰው በቤቱ ስፋት አይሆንም። ላታገባ ከወሰንክም ውሳኔህን ሳታፍር ተናገር፣ ከዘመድ አትሽሽ፤ ልቅሶ ድረስ፣ የታመመ ጠይቅ፣ ለወንድምህ ልጅ አጎት ሁን። የከበደህን ለጓደኛህ ንገረው፤ ጓደኛህ ሲጠፋ ደውልለት፣ ካላነሳ ቤቱ ሂድ። አባቶቻችን ዝም ያሉት እንዲተርፉ ነበር፤ እኛ የምንተርፈው በመናገር ነው።

ከእኛ በኋላ የመጡት ደግሞ ያዩናል። ዛሬ በሃያዎቹ ያሉት ታናናሾቻችን የሚያስፈልጋቸው ቤት ከእኛ ዘመን ይበልጥ ተወዶባቸዋል፣ ዲግሪያቸው ከእኛው ይበልጥ ረክሶባቸዋል። «እኛ በእናንተ ዕድሜ» የሚለውን ንግግር እኛ ላይ ልናበቃው እንችላለን። ወጣቱን ስናገኘው መጀመሪያ ማንን እየረዳ እንደሆነ እንጠይቀው፤ በመለሰልንም ልክ እናክብረው። ይህን ለማድረግ ገንዘብም ዕጣም አያስፈልገንም፣ ማንም እስኪፈቅድልንም አንጠብቅም። ይህን ያደረገ ወንድ በኪራይ ቤትም ቢኖር ሙሉ ሰው ነው።